ሰርቪሷን ከማከራየታችሁ በፊት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ገና "አባዬ" ከማለቴ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ መስመሩም ይቆረጣል፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ትንሹ ወንድሜ ያንብብልሽ፤ እየዘለለ ግን እንዳያነብ።

አባዬ ዕቃ ይጠግንባት የነበረችውን ሰርቪስ ልታከራዩ ማሰባችሁን ሰምቻለሁ። በዚህ ኑሮ ክፍል ዘግቶ መቀመጥ አይቻልምና ደግ አስባችኋል። ትንሹ ግን "ቁራሌው ጋ ጠርቼ በአንድ ቀን አጸዳታለሁ" ብሏል አሉ። ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት ይህን ደብዳቤ ይጨርሰው፤ እዚያ ካለው ዕቃ ግማሹ የእኛ አይደለም።

በሩ ሲከፈት በስተግራ ያለው ቬንትሌተር ሳምቡሳ የምትሸጠው የጎረቤታችን ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ሲሰካ "እምም" ይልና ይቆማል፣ ክንፉን በእጅ ሲገፉት ግን ይዞራል፤ ይህ የኮንደንሰር በሽታ ነው። አባዬ ስንቱን ቬንትሌተር ከዚህ በሽታ አድኗል! ሚያዝያ ሲጠባና የድሬ ሙቀት ሲጀምር ግቢያችን የቬንትሌተር ሆስፒታል አልነበረም እንዴ? ትንሹ አሮጌውን ነቅሎ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ፣ ተመሳሳዩን ይግዛ። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ እሷን እንዳታስከፍሏት። (አንቺ ስትሰሚ ፊትሽን እንዴት እንደምታደርጊው ታየኝ። "እሱም እንዲህ ሲል ነው ያደኸየን" ልትዪ ነው። እውነትሽን ነው። የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ሲከፍት የእኛ ወጥ ቤት ውሃ በክር ቀጥኖ ነበር የሚወርደው። የድሬ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል፤ እሱን ቀጥቅጦ ለማውጣት ተራችን እስኪደርስ ስንት ወር ጠበቅን!)

ጃንጥላዎቹን ተዋቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ረስተዋቸዋል። ሁለቱ ቡታጋዞች የዕድር ናቸው።

የኒዶ ጣሳዎቹን ግን ትንሹ ከፍቶ ይያቸው። ብሎኑ፣ ሮንዴላው፣ ጎሚኒው በየዓይነቱ የተለየ ነው። አባዬ አትሊዬ፣ የምድር ባቡሩ ጥገና ቤት ውስጥ፣ የተማረው ልማድ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው የድሮው ባቡር አንድ ቁራጭ ብረት ጎድሎት ከፈረንሳይ እስኪመጣለት ቆሞ አይጠብቅም ነበር፤ ሸሚኖው፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ ቶርኖ ላይ ይቀርጽለት ነበር። ለዚህ ነው "የለም" የሚባል ቃል ያናድደው የነበረው። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ከከተማ ውጭ ድረስ ሄዶ አይቶት መጣ። "ንጹሕ ነው፤ ድምፅ የለውም" ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

አንድ የሚያስቅ ልንገርሽ። እኔ የማስታምማቸው ሽማግሌ ወላጆቻቸው ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ባለፈው የተሽከርካሪ ወንበራቸው ፍሬን ላልቶ ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ለራሴ "ካቻቪቴ ቢኖር" አልኩ። ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሁሉም የእናታቸው ቤት ቃላት ናቸው ለካ! እኔ የአባዬ ቋንቋ ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤቱ የተበላሸ ነገር ካለ ለልጆቻቸው አይደውሉም፤ እኔን ይጠብቃሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሲንጀር የስፌት መኪናው የመጋላ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው፤ ትንሹ ቤቱን ያውቀዋል። ጎርፉ ጊዜ ከዳነው አንዱ እሱ ነው።

የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፤ ያንን ሌሊት አንቺም ስለምታውቂው አልመልስሽም። እኔ ዓይኔ ላይ ያለው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ሰው ከጭቃ ያወጣውን ዕቃ እየታቀፈ ወደ እኛ ግቢ ይመጣ ነበር። አባዬ በርሜል ከመካከሉ ቆርጦ ላምባ ሞላበት፣ የስፌት መኪናዎቹን እየፈታታ ነከራቸው፤ እኔ በጥርስ ብሩሽ እፈቀፍቅ ነበር። ጣቴ የላምባ ሽታ ስንት ቀን አለቀቀውም፤ እንጀራው ሁሉ ላምባ ላምባ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ሬዲዮ ይዞ መጣ። አባዬ ጀርባውን ከፈተው፤ ውስጡ እንደ ምርግ ግድግዳ በጭቃ ተደፍኗል። የማይሆን መሆኑን እኔ እንኳ አውቄያለሁ። እሱ ግን "ይቆይልኝ፣ እሞክረዋለሁ" አለው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ለምን ዋሸኸው ስለው፣ "ሰሞኑን የሰማው ይበቃዋል" አለኝና ወደ በርሜሉ ተመለሰ። ሰውዬው ዳግመኛ አልመጣም። ሬዲዮው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይገኛል። አባዬ በየዓመቱ አውርዶ አቧራውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። እሱን ለቁራሌው አትስጡት፤ ቤት አስገቡት።

እማዬ፣ መርዶዬን እንዴት እንደሰማሁ አልነገርኩሽም። ሳይነጋ በሬ ሲንኳኳ፣ ከፍቼ ያገሬን ልጆች ነጠላ ዘቅዝቀው ሳይ፣ ሳይናገሩ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ አንዱ ታጣፊ ወንበር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ሰው በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ሲጢጥ። ተነሥቼ ወንበሩን ገልብጬ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመርኩ። ሴቶቹ "ኧረ ያዟት፣ ራሷን ልትስት ነው" ብለው ከበቡኝ። ከጨረስኩ በኋላ ነው በደንብ ያለቀስኩት። ወረቀቴ ባለመጨረሱ አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ፤ ሰማንያው ሲወጣም እዚሁ ነበርኩ። ይህን ካንቺ ሌላ ለማን እላለሁ?

ሞርሳውን ትንሹ ይውሰደው። አይሠራበትም፤ ቢሆንም ይውሰደው።

ብስክሌቷ የእኔ ናት፤ ከአልጋው ቦንዳ ጀርባ አለች። ለሳምቡሳ ሻጯ የልጅ ልጅ ስጧት፤ ቁመቷ አሁን ይደርሳል። የግራው ፔዳል ተጣሟልና መቀየር አለበት። ትንሹን አደራ የምለው ይህን ነው፦ የግራ ፔዳል ጥርሱ በግልባጭ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። እኔ በአሥር ዓመቴ እየፈታሁ መስሎኝ ሳጠብቀው ዋልኩ። አባዬ በረንዳው ላይ ሻዩን እየጠጣ ያየኝ ነበር። ሲመሽ መጣና ቁልፉን ከእጄ ሳይወስድ፣ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ወደ ሌላው አቅጣጫ ገፋው።

ልጅሽ