ስድስት አማካይ፣ አንድም ግራኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የከተማችን የደሴ እግር ኳስ ክለብ ለምን ተዳከመ ሲባል ከጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው መልስ ዘንድሮም ያው የበጀት እጥረት ነው። በጀቱ ጠባብ መሆኑን እናውቃለን፤ ከከተማ አስተዳደር ካዝና የሚኖር ክለብ ሐምሌን እየጠበቀ ነው የሚኖረው። ቅሬታችን ያቺው ጠባብ በጀት በማን ውሳኔ፣ መቼና ለምን እንደወጣች ነው። በየክረምቱ «አብሽሩ» እየተባልን እዚህ ደርሰናል።

ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ክረምት ስድስት የመሀል አማካይ አስፈረሙ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኳስ ተቀብለው ወደ ጎን የሚያቀብሉ። በግራ ተመላላሽ ቦታ፣ ማለትም በግራ መስመር እየተከላከለ ለማጥቃትም በሚወጣው ተጫዋች ቦታ፣ ግን በግራ እግሩ የሚጫወት አንድም ሰው የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ከሩቅ ላየው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ሜዳ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ግብ ጠባቂው ለመሀል ተከላካዩ ያቀብላል፣ እሱ ደግሞ መስመሩን ይዞ ለቆመው ተመላላሽ። ግራኝ ቢሆን ኳሷን በግራ እግሩ ተቀብሎ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ በመስመሩ ወደፊት ይልካታል። ቀኝ እግሩን የለመደው ተጫዋች ግን በመጀመሪያ ንክኪው ኳሷን ወደ ውስጥ ይመልሳታል። የተጋጣሚ አጥቂ የሚጠብቀው እዚያው ነው። ኳሷ ከግባችን 25 ሜትር ላይ ትነጠቃለች። ለማጥቃት ሲወጣም ከማሻማቱ በፊት ቆርጦ ወደ ቀኝ እግሩ ማምጣት አለበት፤ እሱ እስኪያመጣት ድረስ ተከላካዮቹ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህን የተጋጣሚ አሰልጣኞች ሁሉ ደርሰውበታል፤ መስመሩን ዘግተው ልጁን ወደ መሀል እየነዱ ያጠምዱታል። ከዚያ ደጋፊው ልጁን ይሰድባል። ልጁ ምን አጠፋ? የቀኝ ተከላካይ ነው።

25 ተጫዋች ለሚይዝ ቡድን ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለየቦታው ሁለት ሁለት ሰው 22 ይሆናል፣ ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ሲጨመር 23፤ ሁለቱ ቦታ ከተስፋ (ከወጣቶች) ቡድኑ ለሚያድጉ ልጆች ይተዋል። ውድድሩ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ በየአራት አምስት ቀኑ ጨዋታ ሲኖር፣ የአንድ ሰው የታፋ ጡንቻ ሲሳብ ሁለት ሦስት ጨዋታ ይሄዳል፤ ተተኪ የሌለው ቦታ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ይህን ስሌት አሰልጣኙ ግንቦት ላይ በሠንጠረዥ ሞልቶ ማስረከብ ነበረበት። የእኛው ክለብ መጀመሪያ ተጫዋች አስፈርሞ ኋላ አሰልጣኝ ቀጠረ። አሰልጣኙ በመስመር ማጥቃት የሚያምን ሰው ነው፤ የተረከበው ቡድን ደግሞ የመስመር ተጫዋች የለውም።

ከሁሉ የሚብሰው የውሉ ነገር ነው። አብዛኛው ውል የአንድ ዓመት ሆኖ ሰኔ 30 ያልቃል። በየሐምሌው ቡድን አፍርሰን ቡድን እንሠራለን፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰውም አዲስ የፊርማ ክፍያ እንቆርጣለን። በፊፋ ደንብ የተጫዋች ውል እስከ አምስት ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ እስከ ሦስት። ይኸው ደንብ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ብቻ የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር እንዲዋዋል ይፈቅዳል። ሰኔ 30 ለሚያልቅ ውል ይህ ማለት ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከተስፋ ቡድኑ ያደገው የመስመር አጥቂ ያለ አንድ ብር የዝውውር ገንዘብ የሄደው በዚሁ ነው፤ ውል እንዲያራዝም ሚያዝያ ላይ ሲጠራ ከሌላ ክለብ ጋር ጨርሷል። ይህን ለማስቀረት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ውሉ የሚያልቅበት ቀን፣ የተጫወተው ደቂቃ። በየኅዳሩ ይገለጥ። ውሎቹም ከ25ቱ ስምንት ያህሉ ዘንድሮ፣ ስምንት ያህሉ ለከርሞ፣ የቀሩት በሦስተኛው ዓመት እንዲያልቁ ተደርገው ይፈረሙ። አንድ ሦስተኛውን ብቻ የሚለውጥ ቡድን ደግሞ ቢያንስ በመስከረም ተጫዋቾቹ ስም ለስም ይተዋወቃሉ።

ስለ ፊርማ ክፍያው፦ በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ደመወዝ ላይ ክዳን ሲደፋ ገንዘቡ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቅርቡ ቀዳዳ ደግሞ ፊርማ ነው። ሆኖም ሙሉውን በአንድ ቀን መቁጠር የግድ አይደለም። ሲሶው ሲፈርም፣ ሲሶው በውድድሩ አጋማሽ፣ የቀረው ተጫዋቹ በውሉ የተጻፈውን ያህል ሲጫወት ቢከፈል ካዝናው ይተነፍሳል። ክረምት ላይ የተራገፈ ካዝና የካቲት ላይ ደመወዝ ያቋርጣል። የፊፋ ደንብ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ የተያዘበት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ውሉን እንዲያፈርስ መንገድ ከፍቷል። ገንዘቡም ሰውየውም ሄደ ማለት ነው።

ምርመራም ከፊርማ በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም። ጉልበቱ ይታይ፣ የልብ ምርመራ ይደረግ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ይጠየቅ። ከ900 ደቂቃ በታች ከሆነ፣ ማለትም አሥር ሙሉ ጨዋታ ካልሞላ፣ ምክንያቱን ከደላላው ሳይሆን ከቀድሞ አሰልጣኙ መስማት ነው።

ደሴ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ከድሬዳዋ ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ ተጫዋች በ60ኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያደርግ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነቱ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ረጅም ኳስም እዚህ ከቆላው የበለጠ ይርቃል፤ አዲስ ግብ ጠባቂ መጀመሪያ ሰሞን ከግቡ ወጥቶ የሚሳሳተው አንድም በዚህ ነው። የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ተጫዋች ማስፈረም የሚፈቀድበት ጊዜ፣ በሚዘጋበት ዋዜማ የተፈረመን ሰው በሳምንቱ ማሰለፍ እሱንም እኛንም መቅጣት ነው። ኮምቦልቻ እኮ ከሐረጎ ዳገት በታች ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ ሠርቶ ወደ ደሴ መውጣት ከትራንስፖርት በቀር ወጪ የለውም።

ሜዳ ይሠራልን የሚሉ ወገኖችን አንቃወምም። ነገር ግን ወልዲያ 25 ሺህ ሰው የሚይዘውን ስታዲየም በ2009 አስመርቃ፣ ቡድኗ በ2010 መጨረሻ ከፕሪምየር ሊጉ ወርዷል።

ሁለተኛው የዝውውር መስኮት ሊከፈት ነው። ከዚያ በፊት የተጫዋች ምርጫ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የአሰልጣኙ ይሁን የሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይነገረን፤ ሲሸነፍ አንዱ በሌላው እንዳያመካኝ። ሰባተኛ አማካይ ከመጣ ግን ሆጤ ስታዲየም ላይ ወንበር ይዞ ይመልከት። ግራኝ ተመላላሽ ጠፋ ከተባለ ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል።

የክለቡ ደጋፊዎች
ደሴ