ለአባባ፣ ስለ ዩታው ወረቀት

ይድረስ ለአባባ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ራስዎ እንዲያነቡት ነው፤ እህቴ ካነበበችልዎ እየዘለለች ታሳልፍብኛለች። ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ባለፈው ሰንበት ዳቦው ሳይቆረስ «ሕጉ ከፈቀደ ለምን በኮምፒውተር ተደብቀሽ አገባሽ?» አሉኝ። ሰው ስለነበረ ዝም አልኩ።

የእስራኤል ሕግ እኔንና ሚስቴን፣ ሁለት ሴቶችን፣ አይከለክለንም፣ አያጋባንምም። እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ በ1936 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አውጥተው የተዉት የወንጀል ሕግ ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን ያስቀጣ ነበር፤ ፓርላማው፣ ክኔሴት፣ በ1988 ሻረው። በ1992 ደግሞ በዚህ ምክንያት ሰውን ከሥራ ማባረር ተከለከለ። የአይሁድ ጋብቻ ግን በ1953ቱ ሕግ በራቢዎቹ መሥሪያ ቤት፣ በራባኑት፣ እጅ ነው። ሙስሊሙ በቃዲው፣ ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያኑ፤ በማዘጋጃ ቤት ብቻ ተፈራርሞ መጋባት የሚባል የለም። ወንድና ሴት ሆነው እንኳ ራባኑት ያልተመቻቸው ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ።

ካናዳ የተጋቡ አምስት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በ2006 ውጭ አገር የተፈጸመው ጋብቻ ይመዝገብ ተባለላቸው። ልብ ይበሉ፣ ፍርድ ቤቱ ጋብቻው ትክክል ነው አላለም። መዝጋቢውን ወረቀት ካመጡልህ ጻፍ ነው ያለው። በ2023 ደግሞ የአሜሪካዋ ዩታ በቪዲዮ የምታጋባቸውም ይመዝገቡ አለ። እኛም እንዲያ አደረግን። እዚያ ጠዋት ነበር፣ እዚህ መሽቷል። ረከቦቱን ከስክሪኑ እንዳይታይ ገፋ አድርጌ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሰውየው በአንድ እጁ ቡናውን እንደያዘ አጋባን። ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። እልል የሚል ሰው አልነበረም፤ እሱ ነው የቆጨኝ።

አባባ፣ 1985ን ያስታውሳሉ? እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ሊያገቡ ሲሉ መጀመሪያ ሚክቬ፣ የመንጻት ውሃው ውስጥ፣ ይግቡ ተባሉ፣ አይሁድነታቸው ያጠራጥራል ተብሎ። ዋናው ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እኛን ቤተ እስራኤሎችን አይሁድ ናቸው ብለው ወስነውልን ሳለ! እርስዎም ከሌሎቹ ጋር ኢየሩሳሌም ራባኑት ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀመጡ። እማማ ዳቦውን በነጠላ ቋጥራ እኔን አስከትላ ስትመጣ ጋቢዎን ተከናንበው ካርቶን ላይ ነበሩ። «ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ የቀበርናቸው ምን ነበሩ ታዲያ?» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም፣ ብቻ ድምፅዎ ተሰበረ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

በኋላ አጎቴ ነታንያ ከተማ ሄደው ውሃ ሳይገቡ ተጋቡ፤ የከተማው ራቢ ሸሉሽ ያጋባሉ ተብሎ። በወጉ ሠርግ ተደገሰ፣ እርስዎም እስክስታ ወረዱ። ነታንያ ስለሄዱ ተደብቀው አገቡ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

ስለ ኦሪቱ ልከራከርዎ አልመጣሁም። ከእኛ ከቤተ እስራኤል ቄሶች የተማሩትን አውቃለሁ፣ እርስዎንም አላስጨንቅም። «ተደብቀሽ» ያሉት ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

ስለ ጎንደሩ ጉዞም ልንገርዎ። የቤተ እስራኤልን መንደር ወለቃን አሳይሻለሁ ብለውኛል፣ እሄዳለሁ። ሚስቴ ግን አትመጣም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል ያለውን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል። ጓደኛዬ ናት ብዬ ዘመድ ቤት ላስገባት እችል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ መዋሸቱን ግን አልፈልግም። ለጉልበትዎ የገዛችውን ቅባት እኔ እይዘዋለሁ።

ዓርብ ከመምሸቱ በፊት እመጣለሁ። እሷም ትምጣ ካሉ ዳቦውን እኛ እንጋግራለን፣ አይሆንም ካሉም ብቻዬን እመጣለሁ። መልሱን ለእህቴ አይንገሯት፤ ለእኔ ይደውሉልኝ።

ልጅዎ