የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዘገባ፦ ሞንታርቦው ዝም ያለበት ዓመት

እውነቱን ልናገር፣ ዘንድሮ ክበባችን ብዙ አላሰራጨም። ኅዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፕሊፋየራችን ተቃጠለ። የጠዋቱ ዜና፣ የእረፍቱ ሙዚቃ፣ "ደብተር የጠፋባችሁ" የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ቀረ። በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጡ የሚሰለፉት ልጆች "ቲቸር፣ ዛሬም የለም?" ይሉኝ ጀመር። ሲኖር ማን ይሰማው ነበርና!

ክበቡ ሥራ ፈትቶ ከሚበተን ብዬ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከነቃችሁበት እስከምትተኙበት ድረስ ያጋጠማችሁን ሚዲያ ሁሉ መዝግባችሁ ኑ አልኳቸው። በመጀመሪያው ረቡዕ ያመጡት ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ቴሌቪዥን፣ አለቀ። አንዱ ጭራሽ "ስልክ ስለሌለኝ ምንም አላጋጠመኝም" ብሎ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። የአርሰናል ማልያ ለብሷል። ደረቱ ላይ የኤምሬትስ አየር መንገድ ስም በትልቁ ተጽፏል። ሳቅን፣ እሱም ደረቱን አይቶ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ተከፈተ። የባጃጅ ጀርባ ጥቅስ፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተቀባ ማስታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ገበያ መሀል በሜጋፎን የሚለፈፍ የአይጥ መድኃኒት፣ ቆሎ የተጠቀለለበት የፈተና ወረቀት ሳይቀር መጣ። እኔም ለአንድ ቀን ስልኬን ስንቴ እንዳየሁ መዘገብኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም።

ትልቁ ጭቅጭቅ የእድር ጡሩምባ ሚዲያ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። ሁለት ረቡዕ በላብን። ወንዶቹ "መሣሪያ እንጂ ሚዲያ አይደለም" ብለው ሲደርቁ፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ "የእኛ ሞንታርቦ መብራት ሲሄድ ዝም ይላል፣ ጡሩምባው ግን ሌሊትም ይቀሰቅሰናል" አለችና አፋቸውን አስያዘቻቸው። እኔም የነጋሪትን ነገር አነሳሁላቸው። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን አዋጅ የሚሰማው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር፣ ዛሬም ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ በዚያው ከበሮ ስም "ነጋሪት ጋዜጣ" ይባላል። ይህን ስላቸው ብዙዎቹ ስሙን እንጂ ከበሮውን አስበውት አያውቁም ነበር።

እኔን ግን የገረመኝ ከመንዝ መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ "ግድግዳ" ብላ ጽፋለች። ወላጆቿ ቤት ግድግዳው በአሮጌ አዲስ ዘመን ተለጥፎ ነው ያደገችው። ንባብ የለመደችው ተኝታ እሱን እያየች ነው፣ አንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቷን አጣማ። ከራስጌዋ በኩል ስለ አንድ ድልድይ ሥራ የሚያወራ ዜና ነበር፣ ግማሹን ሌላ ገጽ ሸፍኖታል። ድልድዩ ይለቅ አይለቅ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለፋሲካ ስትሄድ የሚታየውን ገልብጣ እንድታመጣልን ተስማማን።

አምፕሊፋየሩ ሚያዝያ ላይ ተጠገነ፣ አሁን ይሠራል፣ ትንሽ ይጮኻል እንጂ።

ልጅቱ ከበዓል ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። እናቷ ለፋሲካ ቤቱን ሲያሳምሩ ግድግዳውን በላዩ ላይ እንደ አዲስ ለጥፈውበታል።