ባዶውን የሚመለሰው አይሱዙስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ እነግዳለሁ። ሰሞኑን አንድ ትልቅ መደብር በር ላይ «የጭነት ብክለታችንን ቀንሰናል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ገባሁና ጠየቅሁ። ለካ ዕቃ ደንበኛ ቤት ድረስ የሚያደርሱት በኤሌክትሪክ ባጃጅ ሆኗል። ጎሽ የሚያሰኝ ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ ባጃጁ በእርግጥም ንጹሕ ነው። «ከአዲስ አበባ የሚያመጣላችሁ መኪናስ?» ስል ግን «እሱ የባለመኪናው ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ይሄ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ትልቁ ጭስ ያለው እኮ እዚያ ነው!

የእኔን ዕቃ የሚያመጣው አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል። መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። ሲመጣ 110 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል፤ ዓባይ በረሃ ወርዶ የደጀንን አቀበት ሲወጣ የሚጠጣውማ አይነሳ። ጭነት ካጣ ባዶውን ይመለሳል፣ ሌላ 80 ሊትር። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በኩንታል ሲካፈል 10 ኪሎ አካባቢ መጣ። መኪናው ግማሹን ብቻ ጭኖ ቢመጣ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 የተባለው የጭነት ብክለት ማስሊያ ባዶ ጉዞንም ይቆጥራል። ታዲያ እኛ ለምን እንተወዋለን?

የሩዙ ነገርም ያንገበግበኛል። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። የፎገራ ገበሬ እዚሁ ጣና ዳር ሩዝ እያመረተ፣ መደርደሪያው ላይ የሚደረደረው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የመጣ ነው።

እኛ ሦስት ባለሱቆች አምና ተስማምተን አንድ መኪና ሞልተን ማስመጣት ጀመርን። በማንጎ ወቅት ደግሞ ሹፌሩ ሲመለስ ማንጎ እንዲጭን ከነጋዴ ጋር አገናኘነው። መጀመሪያ አካባቢ መኪናው እስኪሞላ መጠበቁ ከብዶን ነበር። እኔ ስኳር አልቆብኝ ስንት ደንበኛ መልሻለሁ። አሁን ቀድመን እናዛለን።

መደብሩን የምለምነው ይሄን ነው። ማስታወቂያው ላይ በወሩ ስንት ኩንታል እንደመጣ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደተቃጠለ፣ ስንት መኪና ባዶውን እንደተመለሰ ይጻፍልን። ሹፌሮቹን ይጠይቋቸው፤ የናፍጣ ደረሰኙ ኪሳቸው ውስጥ ነው።