ለቦቢ ጥሬ ሥጋ ከመስጠትሽ በፊት

ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ አሁን በመልእክትሽ ሰበብ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ወቀሳውን ስንገናኝ ቡና እየጠጣን ትጨርሺዋለሽ፤ አሁን ስለ ቦቢ። ውሻሽ ሲበላ ሰው ከቀረበው እንደሚቆጣ ነግረሽኝ፣ ምግቡን ወደ ጥሬ ሥጋ ብታዞሪው ይሆን እንደሆነ ጠይቀሽኛል።

ወደ ጥሬ ሥጋ ልታዞሪው ትችያለሽ፣ ዛሬውኑ ግን አይሆንም። ሳህኑ ላይ የሚቆጣ ውሻ ምግቡ በጣፈጠው ቁጥር ይብስበታል። በእንጀራ ፍርፋሪ ያጉረመረመ በቅልጥም ይነክሳል። ስለዚህ ምግቡን ሳትቀይሪ መጀመሪያ ቁጣውን አብርጂለት።

በር በሚዘጋ ቦታ ብቻውን ይብላ፤ ሳህኑን የምታነሺው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። «እንዲለምድ» ብሎ እየበላ እጅ ሳህኑ ውስጥ መክተት የሰፈሩ ሁሉ ምክር ነው፤ ውሻው የሚማረው ግን ሰው ሲመጣ ምግብ እንደሚወሰድበት ነው። ሲያጉረመርም አትምቺው። ማጉረምረሙን ብቻ ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ለልምምዱ እሰሪው፣ ወይም አጥር በመካከላችሁ ይሁን። እየበላ ሳለ ራቅ ብለሽ እለፊ። ሰውነቱ ድርቅ ካለ፣ አበላሉን ካፋጠነ፣ ወይም ራሱን ሳያነሳ በዓይኑ ጠርዝ ካየሽና ነጩ ብቅ ካለ ቀርበሻል ማለት ነው። ይህ በ2 ሜትር ከሆነ ከ3 ሜትር ጀምሪ፤ ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ወርውሪለትና ሳትቆሚ ሂጂ። በአንድ ምግብ 5 ወይም 6 ጊዜ ይበቃል። ስታልፊ ቀና ብሎ ዘና እንዳለ «የታል?» ብሎ ሲጠብቅሽ ግማሽ እርምጃ ቅረቢ። ሳምንታት ይፈጃል። ልጆቹ አይሞክሩት፤ ሰው ነክሶ ከሆነ ደግሞ አንቺም ብቻሽን አትሞክሪው።

ከዚያ ሥጋው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን የክብደቱ 2.5 በመቶ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ፣ ይበቃዋል፤ ጠዋትና ማታ ክፈይው። ጉበት 25 ግራም፣ ኩላሊት ወይም ጣፊያ 25 ግራም፣ የቀረው ቀይ ሥጋና ልብ። አጥንት ለአሁኑ ይቅር፤ የሚሳሳ ውሻ ሰው ሲጠጋው ሳያኝክ ይውጠዋል፣ ያንቀዋል። ለካልሲየሙ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ እንደ ዱቄት ፍጪና ለግማሽ ኪሎው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሪ። ይህም ቢሆን ሁሉን አሟልቶ አይሰጥም፤ ለወራት የምትቀጥይበት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ለመጀመሪያ 3 ቀን የምግቡን ሩብ በጥሬ ሥጋ፣ ቀጥሎ 3 ቀን ግማሽ፣ ቀጥሎ 3 ቀን ሦስት ሩብ እያልሽ ቀይሪ። ጉበቱ መጨረሻ ይግባ፤ ቶሎ ከበዛ ያስቀምጠዋል። ዓይነ ምድሩ ከቀጠነ አንድ ደረጃ ተመለሺ። የወጥ ትራፊ ግን ይቁም፤ ሽንኩርቱ የውሻ ደም ይጎዳል።

በጣም የምሰጋው በበዓል ግቢ ውስጥ ለሚታረደው በግ ነው። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ለውሻ አይጣልም። ከውስጡ ያለው በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፤ ልጆቹ ሲዳስሱት ወደ አፋቸው ይገባና በነሱ ጉበት ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ከሉካንዳ የተመረመረ ሥጋ ግዢ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ይቀመጥ፤ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ጣይው። ቅዝቃዜ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያውክ ጀርም ስለማይገድል ሳህኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ። የዚህ ትል መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል በየስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ሐኪሙን ጠይቂ። ፍሪዘርሽ ትንሽ ከሆነ ሁዳዴ እስኪያልፍ ጠብቂ፣ 55 ቀን የሚከፈት ሥጋ ቤት ፍለጋ መዞር አለው።

እንዳይሆን ሆኖ ከነከሰ፣ ክትባት ቢኖረውም እንኳ፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

20 ኪሎ ያልኩት በግምት ነው። ታቅፈሽው ሚዛን ላይ ውጪ፣ የራስሽን ቀንሺና ቁጥሩን ላኪልኝ።

ናፋቂሽ