መፍቻም መሪም የጨበጡትን አስቧቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሄሊኮፕተር ጠግነውም አብርረውም የበረራ ደህንነት ኃላፊ ስለሆኑ ሰዎች እምብዛም አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኖርዌይ ውስጥ የአንድ ሄሊኮፕተር ዋና ሮተር (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) አየር ላይ ተገንጥሎ የተሳፈሩት 13 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መንስኤው የሞተሩን ኃይል ወደ ሮተሩ በሚያስተላልፈው ጊርቦክስ ውስጥ ባለ ማርሽ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ነበር። ከማርሽ ተፍቆ ዘይት ውስጥ የሚገባን የብረት ብናኝ የሚጠቁመው መሣሪያ እንኳ አላስጠነቀቀም።

መካኒክ የነበረ ኃላፊ ዘይት ውስጥ የተገኘች ብናኝ ከየት እንደመጣች ሳያውቅ አያልፋትም። ያበረረ ደግሞ «መንገደኛ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ በሉ» የሚለውን ግፊት ያውቀዋል። ቴክኒሽያኑም «ያችን ቦልት በደንብ አላጠበቅኳትም» ብሎ የሚነግረው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ይህን ወንበር የወረቀት ሥራ ብቻ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ያሳዝነኛል። እባካችሁ እነዚህን ባለሙያዎች አነጋግሯቸው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ