ጥጃው ሳር ሞልቶ ሳለ ለምን ይከሳል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ከብት እርባታ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላቋርጥ እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በወተት ላሞችና በድልብ በሬዎች ላይ በመሆኑ፣ ጡት ከጣሉ በኋላ በግጦሽ ብቻ እንዲያድጉ ስለሚለቀቁት ጊደሮችና ወይፈኖች ጥቂት ለማለት ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

በሞቃታማው የምድር ክፍል የሚበቅሉ ሳሮች በዝናቡ ወራት ፈጥነው ያድጋሉ፤ ፈጥነውም ያረጃሉ። ዘር ከያዙ በኋላ አገዳቸው ይጠነክራል፣ ቅጠላቸው ይሳሳል፣ በደረቁ ወራትም ፕሮቲናቸው ብዙ ጊዜ ከደረቅ ክብደታቸው ከ7 በመቶ በታች ይወርዳል። ከዚህ መጠን በታች ነው ችግሩ የሚጀምረው። ቃጫውን የሚያብላሉት በከብቱ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸውና፣ ከፕሮቲን የሚያገኙት ናይትሮጅን ሲያጥራቸው ሥራቸው ይዘገያል፤ የተበላው ሳር ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ከብቱም መስኩ ሁሉ ሳር ሆኖ ሳለ መብላቱን ይቀንሳል። ሆዱ ተነፍቶ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠረው ጥጃ የዚህ ውጤት ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። በአንድ ረጅም ደረቅ ወቅት ጥጆቼ ሲከሱብኝ በቆሎ እያስፈጨሁ ጠዋትና ማታ አቀረብኩላቸው። በቆሎ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ስታርቹ ሲበዛ ደግሞ ቃጫ አብላዮቹን ተሕዋስያን ጭራሽ ያዳክማል። ጥጆቹ ገንዳው አጠገብ ቆመው መዋልን ለመዱ፤ የሚግጡበት ሰዓት አጠረ፤ ያወጣሁት እህል የሳሩን ቦታ ያዘ እንጂ በሳሩ ላይ አልተጨመረም። በተከታዩ ዓመት በበቆሎው ፈንታ ጥቂት ፋጉሎ፣ ማለትም የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፕሮቲን የበዛበት ተረፈ ምርት፣ ስሰጣቸው፣ ያንኑ ደረቅ ሳር ከበፊቱ አብልጠው ሲበሉ አየሁ። በእኔ እምነት ተጨማሪ መኖ መመዘን ያለበት በዚህ ነው፦ ከብቱ የሚግጠውን ሳር ጨመረለት ወይስ ቀነሰበት? ፋጉሎ ለማይገኝለት አርቢ፣ በወቅቱ ታጭዶ የደረቀ የጥራጥሬ ነክ መኖ ተክሎች ቅጠል ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በማዳበሪያነት የሚታወቀው ዩሪያ ለከብትም በርካሽ የሚገኝ የናይትሮጅን ምንጭ መሆኑ እውነት ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 100 ግራሙ በ280 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ከሚገኘው ያላነሰ ናይትሮጅን ይሰጣል። የሚያሳስበኝ ግን ጥንቃቄው ሳይነገር ጥቅሙ ብቻ መነገሩ ነው። ከዕለቱ ጠቅላላ መኖ ደረቅ ክብደት ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከብቱም በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊለማመደው ይገባል። ጨጓራው ገና ላልጎለመሰ ጥጃ ፈጽሞ አይሰጥም። ዝናብ በገባበት ገንዳ የሟሟ ዩሪያ የጠጣ ከብት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከሞላሰስ (ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) ጋር ተቀላቅሎ በጡብ መልክ የሚሠራው መኖ የተሻለ የሚሆነው ከብቱ ጥቂት በጥቂት እየላሰ እንዲወስደው ስለሚያስገድድ ነው፤ ስለዚህ ጡቡ ተገምሶ የሚበላ ለስላሳ መሆን የለበትም።

ማዕድንም አይዘንጋ። ፎስፈረስ ያነሰው ከብት የሞተ እንስሳ አጥንት ማኘክ ይጀምራል፤ በዚሁም ቦቱሊዝም ለተባለው ገዳይ መመረዝ እንደሚጋለጥ የእንስሳት ሐኪሙ አርኖልድ ታይለር በደቡብ አፍሪካ ካሳየ 100 ዓመት አልፎታል። ብዙዎች ይህን ማዕድን የሚሰጡት በደረቁ ወቅት ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዝናቡ ወራት፣ ፕሮቲኑ በቂ ሆኖ እድገቱ በሚፋጠንበት ጊዜ ነው።

በመጨረሻ፣ መኖው ለሁሉም ባይበቃ ለማን ይሰጥ? በደረቁ ወራት የተጎዳ ወይፈን ዝናብ ሲመጣ ተጨማሪ መኖ ካገኘው ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ በመኖ የተገኘው የክብደት ብልጫ ከፊሉ ይጠፋል። ለሽያጭ ገና ጊዜ የቀረው ወይፈን ክብደቱን እንዳይጥል ማድረጉ ይበቃል። ጊደር ግን ኮርማ መፈለግ የምትጀምረው ከሙሉ ክብደቷ 60 በመቶ ገደማ ስትደርስ በመሆኑ፣ በእድገት የዘገየችበት እያንዳንዱ ወቅት የመጀመሪያ ጥጃዋን ያዘገያል። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ያለው ፋጉሎ መጀመሪያ በቅርቡ ጡት ለጣሉት ጥጆች፣ ቀጥሎም ለጊደሮቹ ይሰጥ እላለሁ፤ የሚጀመረውም ከብቱ ከከሳ በኋላ ሳይሆን ሳሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ከብት አርቢ